መውጫ የተሰጠው ሐይቅ

የቪዲዮ ጌም አድናቂዎች አንድን እውነተኛ ተራራ ወይም ሐይቅ በጌም ውስጥ ከተሠራለት አምሳያው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው «ቁርጥ እሱን!» የሚሉበት ልማድ ሰሞኑን ደግሞ አገርሽቷል፤ የዚህ ዙር ተነጻጻሪዎችም በካሊፎርኒያ በረሃ የሚገኘው ሳልተን ሲ የተባለው ሐይቅና በ«ግራንድ ዘፍት አውቶ 5» ውስጥ አላሞ ሲ በሚል ስም የተሣለው አቻው ናቸው። የዚህ ዓምድ ደንበኞች እንደሚያውቁት፣ መልክን ብቻ አይቶ «እውነተኛ ነው» የሚል ዳኝነት በዚህ ገጽ ላይ ተቀባይነት አግኝቶ አያውቅም፤ የአሁኑ ግን ከወትሮው ይከፋል፤ ምክንያቱም ጌሙ የሐይቁን ቆዳ ገልብጦ ያስቀረው ነገር ቢኖር የሐይቁን ዋና ጠባይ ነው።

ለሠሪዎቹ የሚገባው ምስጋና አይነፈግም። ኤድንብራ የሚገኘው ሮክስታር ኖርዝ የተባለው ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ይህ ጌም ኦፕን ዎርልድ ከሚባሉት፣ ማለትም ተጫዋቹ በተሰመረለት መንገድ ብቻ ሳይወሰን ወዳሻው እየነዳ፣ እየበረረና እየዋኘ ከሚዞርባቸው ጌሞች አንዱ ነው። ከአላሞ ሲ በስተደቡብ የተቆረቆረችው ሳንዲ ሾርስ የተባለች ምናባዊ ከተማ፣ ፀሐይ ቀለማቸውን የላጠቻቸው ተጎታች ቤቶቿና አቧራ የወረሳቸው መንገዶቿ፣ በሳልተን ዳርቻ እንደ ቦምቤይ ቢች ያሉትን የተጎሳቆሉ መንደሮች በፎቶግራፍ ላየ ሰው ወዲያው የሚታወቁ ናቸው፤ ምሽት ላይ ከውሃው በላይ የሚያንዣብበው ደብዘዝ ያለ ብርሃንም ቦታውን በትዕግሥት ያየ ሰው ሥራ ነው። የጌሙ ካርታ በሙሉ ተጠቅልሎ 800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ባለው በእውነተኛው ሐይቅ ውስጥ ሊሰጥም መቻሉም እንደ ጥፋት ሊቆጠር አይገባም፤ ካርታ ሁሉ ያሳንሳል።

ነገሩ የሚበላሸው ሐይቁ ከየት መጣ፣ ውሃውስ ወዴት ይሄዳል ተብሎ ሲጠየቅ ነው። እውነተኛው ሐይቅ የተኛበት ጎድጓዳ ምድር የመሬት ቅርፊት እየተሳሳበና እየተሰነጠቀ ዝቅ ያለበት ስምጥ ሲሆን፣ ከካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ የለየው የኮሎራዶ ወንዝ ለረጅም ዘመን ያከማቸው ደለል ነው፤ የዳናክል ዝቅተኛ ምድርም በአንድ ወቅት የቀይ ባሕር ክንድ የነበረና በኋላ ተቆርጦ የቀረ በመሆኑ፣ የአፋርን ምድር ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም። በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ሐይቆች በየዘመኑ ሲሞሉና ሲደርቁ ኖረዋል፤ የአሁኑን ግን የወለደው የሰው ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የኮሎራዶ ወንዝ ለመስኖ የተከፈተለትን ቦይ ጥሶ ወደ ሸለቆው ገባ፤ የባቡር ኩባንያ ድንጋይ በፉርጎ እያጋዘ እየደፋ በ1907 መጀመሪያ ላይ እስኪገድበው ድረስም ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ወደዚያው ሲፈስ ቆየ።

የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል ከ70 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ የገባው ውሃ በወንዝ መልክ ሊወጣ አይችልም፤ መውጫው ትነት ብቻ ነው። ዛሬ ሐይቁን በዋናነት የሚመግበው ከኢምፔሪያል ሸለቆ እርሻዎች ተርፎ የሚወርደው ውሃ ሲሆን፣ ይህ ውሃ ጨውንና ማዳበሪያን ይዞ ይመጣል፤ ምድጃ ላይ የተረሳ ድስት ውሃው አልቆ ጨው እንደሚቀርበት ሁሉ፣ ሐይቁም ዓመት በዓመት እየከረረ ሄዶ ጨዋማነቱ ከውቅያኖስ እጥፍ ወደመሆን ደርሷል። ማዳበሪያው አልጌ የተባለውን የውሃ ውስጥ ዕፅ ያበዛል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለሚጨርሰው ዓሣው ታፍኖ ያልቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በነሐሴ ወር በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓሦች ባንድ ጊዜ ሞተው ተንሳፍፈዋል። ከሩቅ ነጭ አሸዋ የሚመስለው የባሕር ዳርቻ ጠጋ ብለው ሲያዩት የዓሣ አጥንት፣ የደረቀ ቅርፊትና የጥቃቅን የባሕር እንስሳት ዛጎል ክምር ሆኖ የሚገኘውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚረግጠው ሰው እግር ሥር ይንኮሻኮሻል።

በጌሙ ውስጥ ግን ከአላሞ ሲ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርድ ዛንኩዶ የሚባል ወንዝ አለ፤ ረግረጉን አቋርጦም ፓሲፊክ ውቅያኖስ ይገባል። ሐይቁ መውጫ ተሰጥቶታል ማለት ነው። ውሃው የሚፈስና የሚታደስ ከሆነ ጨው የሚከማችበት፣ ዓሣ የሚታፈንበት፣ ዳርቻው የሚሸሽበት ምክንያት የለም፤ የሳንዲ ሾርስ ጉስቁልናም ምክንያት አልባ ይሆንና፣ ድህነቱ ከነዋሪዎቹ ጠባይ የመነጨ ይመስላል። ከ200 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ ሥራ የአንድን ሕዝብ መከራ መልኩን ወስዶ ምክንያቱን ሲጥል ዝም ብሎ ማድነቅ አይቻልም። «ጌም እኮ መዝናኛ ነው» የሚለው መልስም አያዋጣም፤ «ቁርጥ እሱን» ብለው ንጽጽሩን የጀመሩት አድናቂዎቹ ራሳቸው ናቸው።

የጊዜው ነገር ደግሞ ይብሳል። በጌሙ ውስጥ አንድ ቀንና ሌሊት የሚያልፈው በ48 ደቂቃ ነው፤ ጊዜው ከእውነተኛው 30 እጥፍ ይሮጣል፣ የአላሞ ሲ ውሃ ግን አንዲት ጣት አልወረደም። እውነተኛው ሐይቅ በአንጻሩ ከዳርቻው እየሸሸ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በተደረገ ስምምነት ለኢምፔሪያል እርሻዎች ይመደብ ከነበረው የኮሎራዶ ውሃ ከፊሉ ወደ ሳንዲያጎ አካባቢ እንዲዛወር ተወሰነ፤ ለማካካሻ ወደ ሐይቁ ይለቀቅ የነበረው ውሃም በ2017 መጨረሻ ቆመ። የተራቆተው የሐይቅ ወለል ሲደርቅ ነፋስ የሚያነሣው ስስ አቧራ ይሆናል፤ በእርሻ ጉልበት ሥራ በሚተዳደሩ ቤተሰቦች መንደሮችም አስም ይዟቸው የሚያድጉ ሕፃናት ብዙ ናቸው። ጌም የመተንፈሻ መሣሪያ የያዘ ሕፃን እንዲያሳይ የሚያስገድደው ሕግ የለም፤ ወደኋላ የሚሸሽ የውሃ ጠርዝ መሣል ግን በዚያ ስቱዲዮ ለተሰበሰቡ ባለሙያዎች የሚከብድ ሥራ አልነበረም።

መውጫ የሌለው ሐይቅ ምን እንደሚደርስበት ለማየት ካሊፎርኒያ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። እዚሁ አገራችን ያለው የአቢያታ ሐይቅ የሚኖረው በአብዛኛው ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖም በሆራ ቀሎ በሚደርሰው ውሃ ነው፤ የላይኛው ውሃ ለመስኖ ሲሳብ፣ ከራሱ ከሐይቁ ደግሞ ውሃ ለሶዳ አሽ ምርት ሲወሰድ፣ ዳርቻው በኪሎ ሜትሮች ሸሽቷል። በአጠገቡ ባለው የሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው አቢያታ ላይ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት ፔሊካኖችም ዓሣው ሲጠፋ ምግብ ፍለጋ ሌላ ውሃ ድረስ ለመብረር ተገደዋል። ይህን ሐይቅ እስካሁን በጌም አሳምሮ ያሳየው ባለሙያ የለም፤ ነገ ግን ኮምፒዩተሩን የከፈተ ወጣት ሊነሣበት ይችላል። ይህ ወጣት ሮዝ ቀለም ያላቸውን ፍላሚንጎዎች ከማስዋቡ በፊት የቡልቡላን ወንዝ ይሥራ፤ በወንዙ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን የውሃ መሳቢያ ፓምፖችም አይዝለላቸው።