ኦፓሉ ወጥቶ ምን ይቀራል?
የወሎ ኦፓል ጠባዩ ልዩ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲነክሩት ጠጥቶ ይጠራል፣ ሲደርቅ የቀስተ ደመና ቀለሙ ይመለሳል። የወሎዋ ደላንታ ወጣት ይህን ድንጋይ ፍለጋ የገደሉን ወገብ በዶማ ፈልፍሎ፣ ባትሪ ይዞ ይገባል፤ በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎችን ውስጥ አስቀርቷል። ትልቅ ኩባንያ ሲመጣስ? የ2002ቱ የማዕድን አዋጅ ቁጥር 678 በከፍተኛ ደረጃ የሚያመርት ሁሉ ለአካባቢው ሕዝብ ልማት ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። አዋጅ ብቻውን ግን ዘብ አይቆምም፤ በጉጂ የለገደንቢ ወርቅ ለዓመታት ሲወጣ ኖሮ ፈቃዱ የታገደው በግንቦት 2010 ዓ.ም. ነዋሪው ስለ ጤናው አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ እኛ መካነ ሰላም ያለን፣ ነገ ወረዳችን ቦረና ላይ ቆፋሪ ቢመጣ ሪባን ሳይቆረጥ እንነጋገር። የምንጫችን ውሃ ከቁፋሮው በፊትም በኋላም ተመርምሮ ውጤቱ ቀበሌ ይለጠፍ። ልጆቻችን ዘበኛ ሆነው ብቻ አይቅሩ፤ ድንጋዩን መቁረጥና ማለስለስ ይማሩ። የልማት ገንዘቡም የት እንደዋለ በእድራችን ስብሰባ በየዓመቱ ይነበብልን። ለትምህርት ቤት ጥቂት ቆርቆሮ ወርውሮ መሄድ ምጽዋት ነው፤ ድርሻን ቆጥሮ ማስረከብ ግን ጉርብትና ነው።