የመጋዘኑ ቁልፍና ደብተሩ በአንድ እጅ

በንግዱ ዓለም አንድ ነባር ደንብ አለ። የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘ ሰው የዕቃውን ደብተር አይዝም፤ ገንዘብ ያዡና ሂሳብ ሠራተኛውም አንድ ሰው አይሆኑም። ደንቡ የወጣው ሠራተኛው ሌባ ነው ተብሎ ሳይሆን፣ ማንም ብቻውን አጉድሎ ብቻውን እንዳያስተካክል ነው። ይሁንና ነጋዴው ሽያጩን፣ ዱቤውንና የደመወዝ ሰነዱን ወደ ኮምፒዩተር ካስገባ በኋላ ይህንን ደንብ ይረሳዋል። ሰርቨሩን የሚከፍተውም፣ የሚቆልፈውም፣ ማን እንደገባ የሚያየውም አንድ ባለሙያ ብቻ ይሆናል።

በድርጅት ሰርቨር ላይ እያንዳንዱ ሠራተኛ መግቢያ የሚሆነው አካውንት አለው። ለኮምፒዩተሮቹም እንዲሁ አካውንት ይከፈትላቸዋል። ዊንዶውስ ሰርቨር፣ የቁጥጥር ምዝገባው እስከተከፈተ ድረስ፣ በእነዚህ ላይ የሚደረገውን ለውጥ በቁጥር ለይቶ በደህንነት መዝገቡ ያሰፍራል። አዲስ ተጠቃሚ ሲፈጠር 4720፣ ሲሰረዝ 4726፣ አንድ ሰው ወደ አስተዳዳሪዎች ቡድን ሲጨመር እንደ ቡድኑ ዓይነት 4728 ወይም 4732፣ አዲስ ኮምፒዩተር ሲመዘገብ 4741 ይጻፋል። 1102 ደግሞ መዝገቡ ራሱ መጥረጉን ይናገራል።

ችግሩ ይህንን መዝገብ ከፍቶ የሚያነብ አለመኖሩ ነው። ቀድሞ የተሠራው ልክ ካልተለወጠ በስተቀር አንድ ተራ ተጠቃሚ እስከ 10 ኮምፒዩተር ድረስ በድርጅቱ መረብ ላይ ማስመዝገብ እንደሚችል የሚያውቁ ባለቤቶች ጥቂት ናቸው። ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ አካውንትም ሳይዘጋ ወራት ሊያልፉት ይችላሉ።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከላይ የተጠቀሱት ቁጥሮች በመዝገቡ ላይ በታዩ ቁጥር ሰርቨሩ ወዲያውኑ ኢ-ሜይል እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ የሚመጣው የሥራ ቀጠሮ ፕሮግራምና አንድ ባለሙያ የሚጽፈው አጭር ትእዛዝ ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን ደብዳቤው ለማን ይድረስ የሚለው ነው። ለባለሙያው ብቻ የሚደርስ ከሆነ የመጋዘን ጉድለት ሪፖርትን ለመጋዘን ጠባቂው እንደመስጠት ይቆጠራል። ስለሆነም ለባለቤቱ ወይም ለሂሳብ ኃላፊው፣ ያውም ባለሙያው በማይቆጣጠረው የኢ-ሜይል አድራሻ ሊደርስ ይገባል።

የማስጠንቀቂያ መቋረጥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የባንግላዲሽ ማዕከላዊ ባንክ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ሰርጎ ገቦች በኒውዮርክ ከሚገኘው የባንኩ ሂሳብ ወደ 951 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለማውጣት ሞክረው 81 ሚሊዮኑ ፊሊፒንስ ገባ። የክፍያ መልእክቶቹን በወረቀት የሚያወጣው ፕሪንተር በዚያው ሰሞን ሥራ አቁሞ ነበር። ሠራተኞቹ ግን እንደ ተራ ብልሽት ቆጠሩት።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዝምታ ደህንነት አለመሆኑ ነው። ሰርቨሩ ምንም ለውጥ ባይኖር እንኳ በየሳምንቱ «ለውጥ የለም» የሚል ደብዳቤ ሊልክ ይገባል። ያ ደብዳቤ የቀረ ዕለት ስልክ መደወል ነው። በሌላ በኩል ለጥቃቅኑ ሁሉ ማስጠንቀቂያ የሚልክ ሰርቨርም አይጠቅም። በቀን መቶ ደብዳቤ የሚደርሰው ሰው መቶ አንደኛውን አያነብም።

አንዳንዶች ይህ ሠራተኛን መጠርጠር ነው ይላሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ገንዘብ በጠፋ ቀን ጣት የሚቀሰረው ቁልፉን ብቻውን በያዘው ባለሙያ ላይ በመሆኑ፣ ንጹሕነቱን የሚመሰክርለት ሌላ ሰው እጅ የገባው ደብዳቤ ነው።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የባለሱቁ ብቻ አይደለም። ደንበኛን ወክሎ አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ ድርጅት በሰርቨሩ ላይ የሚያኖረው የሌላውን ሰው ሀብት መዝገብ ነው። ባለሀብቱ ገንዘቡን ከማስረከቡ በፊት «አዲስ አካውንት ሲከፈት ማን ይነገረዋል?» ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው። ከዘረፋ በኋላ የሚደረግ ምርመራ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና።