ፊልሙን አይተን እንነጋገር



በማኅበራችን አዳራሽ የምናሳየው ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ያዘጋጀውና በ2006 ዓ.ም. የወጣው «ድፍረት» የተሰኘ ፊልም ነው። ለጋብቻ የተጠለፈች፣ ጠላፊዋን ገድላ ያመለጠች ተማሪንና የጠበቃዋን ትግል ያሳያል፤ መሠረቱም እውነተኛ ታሪክ ነው።

«የገጠር ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚሉ አልጠፉም። ነገር ግን ሚስት ስትደበደብ «የቤት ጉዳይ ነው» ብሎ ማለፍ፣ ልጅ ስትደፈር በሽምግልና መሸፋፈን ከተማውንም አልለቀቀም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ጠላፊው ኋላ ቢያገባት እንኳ ከክስ አያመልጥም። እርቅ ሕግን አይተካም።

ስለዚህ በተለይ አባወራዎችና ወጣት ወንዶች እንድትገኙ እናሳስባለን። ፊልሙ ሲያልቅ ወደ ቤት መሮጥ የለም፤ ቁጭ ብለን እንወያይ። ጩኸት ሰምቶ ዝም ያለ ጎረቤት የበደሉ ተባባሪ ነው።