ጎርፍ ያፈናቀለው ወገንና የተቆለፈው ቤት

በወረታና በቁሐር ሚካኤል ዙሪያ የተዘረጋውን የፎገራ ሜዳ ብዙዎቻችን የምናውቀው በሩዙ ነው። ሩዙን የሚያበቅለው ውኃ ግን አንዳንድ ክረምት ቤት ያፈርሳል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ፣ ጣናም ዳርቻውን አልፎ ሲመጣ ገበሬው ልጆቹን ይዞ ይሰደዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ይህ ሆኗል፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምትም ተደግሟል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ቶሎ የሚገኘው መጠለያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ በክረምት ክፍሎቹ ባዶ ናቸውና። ችግሩ የሚመጣው በመስከረም ነው። ተማሪው ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ የጭቃ ግድግዳው የተናደበት ቤተሰብ ግን መመለሻ የለውም። ወይ ትምህርት ይዘገያል፣ ወይ ተፈናቃዩ ሜዳ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ሁለተኛ ቤት ያስፈልጋል። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ የከተማ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ በመንግሥት እጅ ያለው ቤት ጥቂት አይደለም። በዚህ ላይ አገልግሎት ያቆመ መጋዘንና ሥራው ያለቀ ፕሮጀክት ካምፕ ሊኖር ይችላል። ጎርፉ ከገባ በኋላ ቁልፍ መፈለግ ግን ጊዜ ያባክናል። የትኛው ቤት ባዶ ነው? ቁልፉ በማን እጅ ነው? ውኃና ሽንት ቤት አለው? ስንት ቤተሰብ ይይዛል? ይህ በግንቦት ተመዝግቦ ቢያልቅ በነሐሴ ሕይወት ያተርፋል።

ጥንቃቄም ያሻል። በደብረ ብርሃን ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ከተጠለሉባቸው ስፍራዎች አንዱ «ቻይና ካምፕ» ይባላል። ለጊዜው ተብሎ የተገባበት መጠለያ ዓመታት ሲቆጠሩበት አይተናል። ባዶ ቤት መሸጋገሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም፤ በሩ ሲከፈት የመመለሻው ዕቅድ አብሮ መያዝ አለበት።

ወገኖች ሆይ፣ መንግሥትን ብቻ ጠይቀን አንቀመጥ። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደው ጾም ቤት የሌለውን ወደ ቤት ማስገባትንም እንደሚጨምር ያስተምረናል። የእኛስ አዳራሽ በሳምንት ስንት ቀን ተዘግቶ ይውላል? በፎገራ የሚፈናቀለው አብዛኛው ጎረቤታችን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ነው። በራችንን ስንከፍትለት እምነቱን አንጠይቀው፤ ብርድ ልብሱንም የስብከት ማባበያ አናድርገው። ደጉ ሳምራዊ ቁስሉን ያሰረለትን ሰው ከየት ወገን እንደሆነ አልጠየቀውም።

ጌታ የሚከፍት እጅ ይስጠን።