መቀሱን የምትኮንኑ ሆይ

«እውነተኛ ፎቶግራፍ ያልተከረከመ ፎቶግራፍ ብቻ ነው» የሚለው ቃል በፎቶ ወዳጆች ዘንድ እንደ ቀኖና ሲደጋገም መስማት ሰልችቶኛል። ይህን የሚሉት ሰዎች ተራ ሰዎች አይደሉም፤ ያነበቡ፣ ብዙ ያዩ፣ ካሜራቸውን እንደ ማዕተብ አንገታቸው ላይ አስረው የሚዞሩ ናቸው። በጎዳና ላይ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ የተነሳ ፎቶ በተነሳበት ቅጽበት ያለቀለት ነገር ነው ይላሉ። ከዚያ በኋላ ጠርዙን የነካ ሰው በእነሱ ዘንድ የዐይኑን ድክመት በመቀስ የሚሸፍን አጭበርባሪ ነው። ለዚህም ዘወትር የሚጠሩት ምስክር አንድ ነው፤ ፈረንሳዊው ኦንሪ ካርቲዬ-ብሬሶን።

እንግዲያውስ ከምስክሩ እንጀምር። ሰውዬው ሥራዎቹ እንዳይከረከሙ አጥብቆ ይሟገት እንደነበር እውነት ነው። ይሁንና እጅግ ከታወቁት ፎቶዎቹ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ፓሪስ ውስጥ ከሴን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያነሳው፣ የተከረከመ ነው! ውሃ በተኛበት ሜዳ ላይ አንድ ሰው ሲዘል በአየር ላይ ተይዟል፤ ተረከዙ ውሃውን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል። ከኋላው አጥሩ ላይ የተለጠፈች ዳንሰኛ ያንኑ ዝላይ ትደግመዋለች። ይህ ምስል የተነሳው በአጥር ጣውላዎች መካከል በነበረ ክፍተት ነው። ክፍተቱ ለሌንሱ ስለ ጠበበ የምስሉ ግራ ጎን በጣውላ ተጋርዶ ነበር። ካርቲዬ-ብሬሶንም ጣውላውን ቆርጦ ጣለው። ለመርሁ ታማኝ ሆኖ ጣውላውን ቢያስቀረው ኖሮ፣ ዛሬ የመርሁ ተከታዮች የሚሰግዱለት ምስል ባልኖራቸው ነበር።

ለመሆኑ ይህ የማይደፈር ድንበር ከየት መጣ? ኦስካር ባርናክ የተባለ ጀርመናዊ ለሲኒማ የሚሠራውን 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ወሰደ፤ የሲኒማውን የምስል ስፋት እጥፍ አድርጎም 24 በ36 ሚሊ ሜትር ምስል የሚይዝ ትንሽ ካሜራ ሠራ። ላይካ የተባለው ይህ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ቀረበ። እንግዲህ የተቀደሰው ክፈፍ መነሻው የፊልም ጥቅልል ስፋት ነው፤ ውበትን የመረመረ ጉባኤ ተቀምጦ የወሰነው አይደለም። የአላፊ አግዳሚው ኑሮ በሦስት ለሁለት ልክ ተሰፍቶ እንዲመጣልን የምንጠብቀው በምን ሒሳብ ነው?

ሳይታወቅ የሚያነሳ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ዐይኑ ነው የሚያነሳው። አሜሪካዊው ዎከር ኢቫንስ እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1941 በኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፋሪዎችን ያነሳው ካሜራውን ከካፖርቱ ሥር ደብቆ፣ ሌንሱን በቁልፎቹ መካከል አሾልኮ ነበር። በካሜራው መስኮት አጮልቆ ማየት አይችልም። ታዲያ ይህ ሰው መቼ አየ ይባላል? ያየው በኋላ ነው፤ ምስሉን ዘርግቶ፣ ፊቱን ከወንበሩና ከመስኮቱ ለይቶ፣ ጠርዙን ሲቆርጥ። እነዚህ ፎቶዎች በመጽሐፍ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ርዕሱም ከማቴዎስ ወንጌል የተወሰደ፣ ብዙዎች መጠራታቸውን የሚናገር ነው። መጥራቱን ካሜራው ፈጸመ፤ መምረጡ ግን የመቀሱ ሥራ ነበር።

ይህን ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ማስረዳት ባላስፈለገኝ ነበር። የገጣሚውን የተሰረዙ ስንኞች ካላየሁ ግጥሙን አላምንም ያለ አንባቢ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ያልቃል፤ ባለቅኔው ያላለው ካለው እጅግ ይበልጣል፣ «ቆርጠህብናል» ብሎ የሚከሰው ግን የለም። ፎቶ አንሺው ሲሆን ብቻ ረቂቁን እንዳለ እንዲያወጣ ይፈረድበታል።

መከርከም ደግሞ ማሳመር ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛ ንባብ ነው። በጎዳና ላይ ዐይናችን የሚወደውን ብቻ ያያል፤ ካሜራው ግን ለሁሉም እኩል ነው። ከአንዲት እናት ራስ ላይ የበቀለ የሚመስል የመብራት እንጨት፣ ከጠርዝ የገባ የማናውቀው ሰው ክርን፣ ጥግ ላይ የሚያበራ ነጭ ፌስታል ይሰበስባል። ዐይን ብርሃን ወዳለበት ይሮጣልና ያ ፌስታል ከሰው ፊት ቀድሞ ይነበባል። ጣት ያህል ቢቆረጥ ፊቱ ይመለሳል። አድማሱ የተንጋደደ ከሆነ ምስሉን ማቃናት ነው፤ በሚቃናበትም ጊዜ ከአራቱም ጠርዝ ትንሽ ትንሽ ይሄዳል፤ ስለዚህ ማቃናት ይቅደም፣ መቁረጥ ይከተል። የሚራመድ ሰው ከፊቱ መሄጃ ይተውለት፤ አፍንጫው ሥር የተቆረጠበት ግድግዳ የገጨ ይመስላል። እግር ቁርጭምጭሚት ላይ ከሚቆረጥ ጭን ላይ ይቆረጥ። (ይህ ሁሉ ግን ፍርድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ ባዶው ሰማይ ራሱ ነገሩ የሚሆንበት ፎቶም አለ።)

አሁን ተቃዋሚዎቼ «ታዲያ ድንበሩ የት ነው?» ይላሉ። እነሱ ድንበሩን ያሰመሩት በተሳሳተ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ወርልድ ፕረስ ፎቶ የተባለው ውድድር በኪየቭ የጎዳና ድብድብ ለተነሱ ፎቶዎች ሰጥቶት የነበረውን ሽልማት ሰረዘ። ፎቶ አንሺው ከሰፊው ምስል ብዙውን ክፍል ቆርጦ ጥሎ፣ ቀለሙንም አጥፍቶ ነበር፤ ይህ ተፈቅዶለታል። ያስቀጣው ከጀርባ ይታይ የነበረ የአንድ ሰው እግር ቁራጭ ከምስሉ ውስጥ መፋቁ ነው። ሕጉን አልቃወምም፤ ከተፋቀው ቦታ ሌላ ነገር ተተክቷልና ያ ውሸት ነው። ሆኖም ያ እግር በመጥፋቱ ማን ተጎዳ? ሕጉን ሳይጥስ ሰውን የሚበድል መቀስ እንዳለስ ማን ይንገረን?

እኔ ልንገራችሁ፤ መቀሱ የእኔ ነበርና። ከዓመታት በፊት አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ሊስትሮ ልጅ አነሳሁ። ብሩሹን እንደያዘ ቀና ብሎ ያያል፤ ዐይኖቹ ሰፍተዋል፣ እጆቹ በቀለም ጠቁረዋል። ቤት ገብቼ እሱን ብቻ እስኪቀር ከረከምሁት። ያዩት ሁሉ «አንጀት ይበላል» አሉኝ፤ እኔም ኮራሁ። አሳትሜ ለልጁ ወሰድሁለት። አገላብጦ አየውና «ጋሼ፣ አባባ የት ሄዱ?» አለኝ።

አባባ ያላቸው ጫማቸውን ሲያስጠርጉ የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። ጋዜጣ ዘርግተው የኳስ ዜና ጮክ ብለው ያነቡለት ነበር፤ ልጁም ቀና ብሎ ያየው እሳቸውን ነው፣ ውጤቱን ለመስማት ጓጉቶ። እኔ ሽማግሌውን ቆርጬ ጉጉቱን ረኀብ አደረግሁት። አንድ ነጥብ አልፋቅሁም፣ አንድ ነጥብ አልጨመርሁም፤ በየትኛውም ውድድር ፊት ንጹሕ ነበርሁ። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ ዓለም እኛን በጠበበ ክፈፍ ማየት እንደለመደ የማማርር ሰው፣ ያንኑ ክፈፍ በገዛ እጄ ለአራት ኪሎ ልጅ ሠራሁለት።

ንጹሐኑ ይህን ሲሰሙ «አላልንም?» እንደሚሉ አውቃለሁ። አላላችሁም። እናንተ «ለምን ቆረጥህ?» ነው የምትሉት፤ ልጁ የጠየቀኝ ግን ምን እንደቆረጥሁ ነው። ሙሉው ምስል ደግሞ እናንተ እንደምትሹት እንዳለ ቢወጣ፣ ግማሹን የቆመ ታክሲ አፍንጫ ይዞት፣ ልጁም ሽማግሌውም ጥግ ላይ የተጣሉ ዕቃዎች ይመስሉ ነበር።

ስለዚህ እንደገና ከረከምሁት። ታክሲው ሄደ፤ ከላይ የነበረው የሽቦ ጥልፍልፍ ሄደ፤ ከግራ የገባው የመንገደኛ ትከሻም ሄደ። ሽማግሌው፣ ልጁና ጋዜጣው ቀሩ። ጋዜጣውን በሙሉ ላስገባ ብል ታክሲው አብሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከመሐሉ ተቆርጧል። አንድ ወዳጄ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮብኛል። ልጁ ግን ሁለተኛውን ቅጂ ተቀብሎ ከቀለም ሣጥኑ ክዳን ውስጥ ለጠፈው።