«በሞቴ» ማለቱ ይቅርብን

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎችና የማኅበራችን አባላት፤

እንኳን አደረሳችሁ የምንባባልበት የፋሲካ በዓል ተቃርቧል። የቅርጫው ስም እየተመዘገበ ነው፣ ጠላውም ተጠንስሷል። እኛም አንድ ነገር ለማሳሰብ ነው ይህን የጻፍን።

ባለፈው ፋሲካ የሆነውን ሁላችንም አንረሳውም። የስኳር ሕመም ያለባቸው አንድ አባታችን አራት ቤት ተጠሩ። በአራቱም ቤት «በሞቴ» ተባሉ። እምቢ ማለት ነውር ሆኖባቸው በሉም፣ ጠጡም። በሦስተኛው ቀን ራሳቸውን ስተው በቃሬዛ ወጡ። እግዜር ይመስገን፣ ድነዋል። ነገር ግን ካጎረሷቸው እጆች አንዱ የኛ የኮሚቴው እጅ ነበር። ሕመማቸውን እያወቅን ነው ያጎረስን። ይህን መሸሸግ አይገባንም።

እስቲ ነገሩን እናስበው። የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። ይህን ያህል ጊዜ ቅቤና ሥጋ ሳያይ የከረመ ሆድ በአንድ ሌሊት ዶሮ ወጥ፣ ዱለት፣ ጥሬ ሥጋና አረቄ ይወርድበታል። እናቶቻችን ከዶሮው በፊት ተልባ የሚያጠጡን ያለ ነገር አልነበረም። ከዚያም እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ጥጋቡ የአንድ ቀን አይደለም። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ከረመዳን በኋላ በኢድ ይኸው ይገጥማቸዋል።

ጤና ጣቢያ የምትሠራ የሰፈራችን ልጅ እንዳስረዳችን፣ አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ሲሆን አንድ ግራም ስብ 9፣ አልኮል ደግሞ 7 ነው። እንግዲህ አረቄውም ያወፍራል ማለት ነው። በአሜሪካ አገር 195 ሰዎችን መዝኖ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናትም፣ ሰዎቹ በበዓላት ሰሞን በአማካይ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ እንደጨመሩ አሳይቷል። ክፋቱ ግን ያቺው ትንሽ ጭማሪ በዓሉ ካለፈም በኋላ አልወረደችም። በየዓመቱ ስትደመር ምን እንደምታህል መገመት ነው።

በቡሬ ገጠር ያሉ ዘመዶቻችን ከበዓል በኋላ ሞፈር ቀንበር ይዘው እርሻ ይወርዳሉ። የበሉት በላብ ይወጣል። እኛ የፍኖተ ሰላም ሰዎች ግን ለገበያ እንኳ ባጃጅ እንጠራለን።

«ወፈርክ፣ አማረብህ» በኛ አገር ምርቃት ነው። ረሀብ ያየ ሕዝብ ስለሆንን አይፈረድብንም። ዛሬ ግን ስኳርና ደም ግፊት ከየቤታችን ገብተዋል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ ታማሚን ግን የሚጥለው ሁለተኛው ጉርሻ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን፦

1ኛ/ እንግዳ አንድ ጊዜ ይለመን። «በቃኝ» ካለ በቃው ነው። አክብሮት ማለት ቃሉን መስማት ነው።

2ኛ/ ሕመም ላለበት እንግዳ ቅቤ ያልበዛበት ወጥ፣ ጎመንና ውኃ ይቅረብ። ታማሚውም ለበዓል ብሎ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

3ኛ/ ዘመድ ጥየቃ በእግር እንሂድ። ሥጋውንም ቀስ በቀስ እንልመደው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

4ኛ/ ለጠገበ ሰው በግድ የምናጎርሰው ቅርጫ መግባት ላልቻለ ጎረቤት ይላክ። ያ ቤት «በሞቴ» ሳይባል ይበላል።

ያ አባታችን ዘንድሮም እንግዳችን ናቸው። እንደ መጡ በእግራቸው ይመለሱ ዘንድ አደራ እንላለን።

መልካም በዓል!

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው