ድልድዩ፣ ሠርጉና ሚዜዎቹ

ሽማግሌ በተላከበት ቤት ብዙ ነገር ይጠየቃል። የማን ልጅ ናት? የየትኛው ጎሣ ነች? ባለሙያ ናት ወይስ ገና ነች? በከምባታ ምድር ግን ከነዚህ ሁሉ በላይ ክብደት ያለው፣ ሆኖም ማንም አፉን አውጥቶ የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር። ልጅቱ ተገርዛለች ወይ የሚለው ነው። የማይጠየቀውም ነገሩ አሳፋሪ ስለ ነበረ ብቻ ሳይሆን መልሱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። ያልተገረዘች ልጅ ለጋብቻ ልትቀርብ ትችላለች ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም።

በዛሬው ዓምዳችን ይህ ያልተጠየቀ ጥያቄ በአደባባይ እንዲጠየቅ፣ መልሱም በሠርግ ቀን እንዲነገር ስላደረጉ አንዲት የአገሩ ተወላጅ፣ ስለ እህታቸውና ስለ ባልንጀሮቻቸው እናወጋለን። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቦጋለች ገብሬ የተወለዱት በከምባታ ገጠር ነው። በመንደሩ ሴት ልጅ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ እንሰት ትፍቃለች እንጂ ፊደል አትቆጥርም ነበር። እሳቸው ግን ውኃ ልቀዳ ነው እያሉ ሾልከው እየሄዱ ትምህርት ጀመሩ። እናቶች ሆይ፣ እንስራዋን ቁጥቋጦ ሥር ደብቃ ወደ ትምህርት ቤት የምትሮጠውን ልጅ እስቲ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቷት! በ12 ዓመታቸው ግርዛት ተፈጸመባቸው፤ ደማቸው ፈስሶ ለጥቂት ተረፉ። ቆየት ብሎም አንዲት እህታቸው በወሊድ ምክንያት ሕይወቷን አጣች። ከዚያ በኋላ የተጓዙበት መንገድ ረዥም ነው። አዲስ አበባ ሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ስለ ረቂቅ ሕዋሳት አጠኑ፤ ወደ አሜሪካ ተሻግረው ማሳቹሴትስ ተማሩ፤ በመጨረሻም ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኤፒዴሚዮሎጂ የተባለውን፣ የበሽታን ሥርጭትና መንስኤ የሚመረምረውን ሙያ ያዙ።

ይህ ሙያ ምን እንደሚጠይቅ ጥቂት ላብራራ። ሐኪም አንዲት ሴት በምጥ ተይዛ ስትመጣለት እንዴት ላድናት ብሎ ያስባል። የኤፒዴሚዮሎጂ ባለሙያ ደግሞ ከዚህችኛዋ መንደር ይህን ያህል እናቶች ሲሞቱ ከዚያኛዋ ለምን አልሞቱም ብሎ ይጠይቃል። በጤና ረገድ የሰው ልጆች እኩልነት ጉዳይ የሚባለው ከዚህ ጥያቄ ይጀምራል። ጥያቄውን ወደ ትውልድ መንደሯ ይዛ የምትመለስ ሴት በሙታኑ ቁጥር ውስጥ የገዛ እህቷን ታገኛለች። ስለዚህም ነው የቦጋለችን ሥራ ከአንድ ተመራማሪ ጥናት ለይቼ የማየው።

ገና አሜሪካ ሳሉ መጻሕፍት እያሰባሰቡ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ያስልኩ ነበር፤ ቁጥሩ ከ300,000 በላይ ደርሷል። በ1997 ከታናሽ እህታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር ሆነው በከምባትኛ «ከምባቲ ሜንቲ ገዚማ» የተባለውን፣ የከምባታ ሴቶችን በኅብረት መቆም የሚያመለክተውን ድርጅት አቋቋሙ። ሰዉ በአጭሩ ኬ ኤም ጂ ይለዋል። መቀመጫውም ዱራሜ ሆነ።

እዚህ ላይ ነው ልብ ልትሉት የሚገባው። ቦጋለች የውጭ አገር ትምህርታቸውን ይዘው ሲመለሱ ሕዝቡን ሰብስበው በመጀመሪያ ያነሡት ስለ ኤድስ ነበር። ሰዉ ሰማቸው፤ ሲጠየቅ ግን የነገራቸው ችግር ሌላ ሆነ። ድልድይ የለንም አላቸው። ወንዙ ሲሞላ ልጆች ትምህርት ቤት መድረስ አይችሉም፤ ሸክም የያዘች ሴትም ገበያ መሻገር አትችልም። እሳቸውም እኔ የመጣሁት ለጤና ነው፣ ድልድይ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው አላሉም። ገንዘብ አፈላልገው ድልድዩ ተሠራ። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የበለጠው የጤና ሥራቸው ይህ ድልድይ ነው። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ የምትሻገረው በዚያው ወንዝ ላይ ነውና። ከዚህም ሌላ፣ የለመነውን ያገኘ ሰው የማይወደውንም ነገር ቢሆን ቁጭ ብሎ ለመስማት ይገደዳል።

ከድልድዩ በኋላ ውይይቱ ተጀመረ። ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም በአንድነት እየተቀመጡ በየጊዜው ይነጋገሩ ነበር። በአገራችን አማት በተቀመጠችበት ምራት፣ አባት በተቀመጠበት ልጅ ስለ እንዲህ ያለው ጉዳይ መናገር ነውር መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ስለዚህ ውይይቱ በአንድ ቀን አላበቃም፤ ወራት ወሰደ። ፍቅርተና የሥራ ባልደረቦቻቸው እየዞሩ የሠሩት አድካሚ ሥራ ይህ ነው። በጋዜጣ የሚወጣው የመሥራቿ ስም ነው፤ በየመንደሩ ቡናው እስኪፈላ ጠብቀው፣ ለቅሶ ደርሰው፣ ሠርግ ተጠርተው፣ የሽማግሌ ቁጣ ችለው የሚመለሱት ግን ስማቸው የማይጻፍ ባልንጀሮች ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ የአንዲት የተማረች ሴት ንግግር ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ሠርጉ እንምጣ። በ2002 በከምባታ አንዲት ያልተገረዘች ልጃገረድ በአደባባይ ተዳረች። ሙሽሪት በደረቷ ላይ ያልተገረዘች መሆኗን የሚናገርና ሌሎች ከእርሷ እንዲማሩ የሚጠይቅ ጽሑፍ አንጠልጥላለች። ሙሽራውም ያልተገረዘች ሴት በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ አንጠልጥሏል። ከ2,000 በላይ ሕዝብ ተገኘ። ሚዜዎቹም ያልተገረዙ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ብዛታቸውም ጥቂት አልነበረም።

በበኩሌ ከሙሽሪት ይልቅ ስለ ሚዜዎቹ ደጋግሜ አስባለሁ። ሙሽሪትስ ባሏን አግኝታለች፤ የደፈረችውም ከሚወዳት ሰው ጋር ተማክራ ነው። ሚዜዎቹ ግን ገና አላገቡም። በዚያ ሕዝብ ፊት ለባልንጀራቸው ሲሉ መቆማቸው፣ «እኔም አልተገረዝሁም፤ የሚያገባኝ ይህን አውቆ ይምጣ» ማለት ነበር። ጓደኝነት እዚህ ድረስ ዋጋ ያስከፍላል። ቀደም ሲል ያልተገረዘች ልጅ ውኃ ስትቀዳ የምትሰደበው ብቻዋን ስለ ነበረች ነው። ብዙ ሆነው ሲቆሙ የምትሰደበው የትኛዋ ናት?

ሠርግ ለምን ይህን ያህል ኃይል ኖረው? ከግርዛት ጀርባ የቆመው ጭካኔ ሳይሆን ጋብቻ ስለሆነ ነው። እናት ልጇን የምታስገርዘው ስለምትጠላት አይደለም፤ ቆማ እንዳትቀር ስለምትፈራላት ነው። እያንዳንዷ እናት ብቻዋን ትተወው ቢባል የምትጎዳው የእርሷ ልጅ ናት። ሁሉም በአንድነት ቢተዉት ግን ማንም አይጎዳም። ጄሪ ማኪ የተባለ ምሁር በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ከቻይና ታሪክ ጋር አነጻጽሮ አሳይቷል። በቻይና የሴት ልጆችን እግር አጥብቆ በማሰር እንዳያድግ የማድረግ ልማድ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሮ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ግን ወላጆች በማኅበር ተሰባስበው ሁለት ቃል ገቡ። አንደኛው የልጃችንን እግር አናስርም የሚል ነው። ሁለተኛውም፣ ብዙዎች የሚዘነጉት፣ ለወንድ ልጃችንም እግሯ የታሰረ ሚስት አንፈልግም የሚል ነበር። ያ ሁሉ ዘመን የቆየ ልማድ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ፈረሰ። በሴኔጋልም እንዲሁ ነው፤ ኬ ኤም ጂ በተመሠረተበት በ1997 የማሊኩንዳ ባምባራ መንደር ሴቶች ግርዛትን መተዋቸውን በአደባባይ አወጁ። ዴምባ ዲያዋራ የተባሉ ኢማምም አንድ መንደር ብቻውን ሊተው እንደማይችል ተረድተው፣ ከእነሱ ጋር ወደሚጋቡት መንደሮች በእግራቸው እየዞሩ አስማሙ። ከዱራሜ እስከ ሴኔጋል ያለው ርቀት ብዙ ነው፤ የእናቶች ስጋት ግን አንድ ነው።

የጤና ጉዳቱን በተመለከተ የዓለም የጤና ድርጅት በስድስት የአፍሪካ አገሮች ከ28,000 በላይ ወላዶችን ተከታትሎ ያወጣው ጥናት የታተመው በ2006 ነው። የተገረዙ ሴቶች በወሊድ ጊዜ ለከባድ ደም መፍሰስና ለቀዶ ሕክምና የበለጠ የተጋለጡ መሆናቸውን፣ ሕፃናታቸውም በብዛት እንደሚሞቱባቸው አረጋገጠ። የከምባታ ሚዜዎች ግን ጥናቱ እስኪታተም አልጠበቁም። የአካባቢው አዋላጆችም ቢሆኑ፣ ጠባሳው በምጥ ጊዜ እንደሚቀደድ ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለጋቸውም።

ውጤቱስ? ቀደም ሲል በአካባቢው ከ100 ሰዎች 97 ያህሉ ግርዛትን ይደግፉ እንደ ነበረ፣ በ2008 በተደረገው ግምገማ ግን ደጋፊዎቹ ከ100 ከ5 በታች ሆነው እንደተገኙ ዩኒሴፍ አስታውቋል። በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች የተገረዙት በ2000 ከ100 80፣ በ2005 74፣ በ2016 65 ነበሩ። በ2016 ከ15 እስከ 19 ዓመት የሆናቸው ልጃገረዶች ለብቻቸው ሲታዩ ቁጥሩ 47 ነው። ቁጥሩ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ለጠያቂ «አልደግፍም» ብሎ መመለስና በቤት ውስጥ አለማድረግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከማንም በላይ የቤት እመቤቶች ታውቃላችሁ።

ይህን ይዤ ሀደሮ ገበያ ላይ ከአንዲት እናት ጋር ተጫውቼ ነበር። ሀደሮ በዝንጅብሉ የታወቀ አገር ነው። በ2012 ገደማ የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ ገብቶ ብዙ ቤት አራቁቷል፤ እሳቸውም ያን ዘመን ሳያነሡ ወደ ሌላ ጨዋታ አይገቡም። ሦስት ሴቶች ልጆች አሏቸው።

«ሁለቱ ተገርዘዋል፣ ሦስተኛዋ አልተገረዘችም» አሉኝ።

«ምን ለወጠዎት፣ እማማ? የሐኪም ምክር ነው?» አልኋቸው።

«የለም፣ ልጄ። ሐኪሙማ ለትልቋም ጊዜ ነግሮኝ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ሳትገረዝ ተዳረች፤ ወለደች፤ አማቷም ወደዷት። ዐየሁ፤ ተውሁት።»

ትልቆቹ ልጆችዎስ ምን ይላሉ ብዬ ስጠይቃቸው ዝንጅብሉን እያገላበጡ ዝም አሉ። እኔም አልደገምሁትም።

አሁን የሚያሰጋው በአደባባይ የሚደረገው አይደለም። በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ሴትን የገረዘ ሰው ከሦስት ወር በማያንስ እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ሕግ ሲመጣ ድግሱ ቀረ፤ ምሥጢሩ ግን በአንዳንድ ቤት ቀጠለ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅቱ አያቷ ዘንድ ትላካለች፤ እናትም ከሥራ ስትመለስ ነገሩ አልቆ ይጠብቃታል። ስለዚህ ልጃችሁን ለዘመድ ስትልኩ ለአያትየዋ በግልጽ ንገሯቸው። ብቻችሁን አትንገሩ፤ ባላችሁም አጠገባችሁ ተቀምጦ ይናገር። እማማን መድፈር ይሆንብኛል ለምትሉም፣ ነገሩን በእድራችሁ ውስጥ ከሚከበሩ አንዲት አረጋዊት አፍ ማስወጣት ይቻላል፤ የእኩያ ቃል ከምራት ቃል ይልቅ ይሰማል። ወንድ ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ ሽማግሌ ስትልኩ ያልተገረዘች ልጅ እንደማትነቅፉ አስቀድማችሁ አስነግሩ። በቻይና ሁለተኛው ቃል ያልነው ይህ ነው፤ የወንድ ልጅ እናት አፍ ካልተከፈተ የሴት ልጅ እናት ፍርሃት አይለቅም።

ቦጋለች ገብሬ በ2013 በብራሰልስ የንጉሥ ቦዱዌን ሽልማትን ተቀበሉ። በኖቬምበር 2019 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዐረፉ። በዚያ በ2002ቱ ሠርግ 15 ዓመት የነበራት ሚዜ ዛሬ ወደ 40 ዓመት እየተጠጋች ነው፤ ምናልባትም ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አላት። ከሚዜዎቹ መካከል በሀደሮም ሆነ በዱራሜ፣ በሆሳዕናም ሆነ በሌላ ቦታ ያላችሁ እህቶች፣ ያን ቀን ማን አበረታታችሁ፣ ስትመለሱ እናታችሁ ምን አለቻችሁ፣ በኋላስ ማን አገባችሁ? ስማችሁን መግለጽ ካልፈለጋችሁ ሳትገልጹም ቢሆን በዚህ ዓምድ አድራሻ ጻፉልን።